ድመት በፎቶ አይመረጥም፦ መልክና ጠባይ የማይገናኙባቸው ዝርያዎች ንጽጽር

ድመት ለማምጣት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፎቶ ነው። አንዷ ፊቷ ክብ፣ ጉንጯ ሙሉ ነው፤ «ይቺ ታቅፈው የሚውሏት ናት» ይላል። ሌላዋ አፍንጫዋ ተደፍጥጦ ፊቷን ያኮሳተረች ትመስላለች፤ «ቁጡ ናት» ብሎ ያልፋታል። ነጠብጣብ ያላትን ሲያይ ደግሞ ነብር ቤቱ የሚያስገባ ይመስለዋል። ከዚያ የመረጣት ድመት ትመጣና ሁለት ወር ሳይሞላ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ክብ ፊቷ እቅፍ አልወድም ትላለች። ባለ ነጠብጣቧ ሌሊቱን ሙሉ መጋረጃ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ታድራለች።

ሰውየው ቢናደድም ዋናውን ዋጋ የምትከፍለው ድመቷ ናት። ትመለሳለች፣ ለሌላ ሰው ትሰጣለች፣ ወይም የማይመቻት ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ስለምትችል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ንጽጽሩን እንደተለመደው በመልክ ሳይሆን፣ መልኩ ሰውን የት ቦታ ላይ እንደሚያስት እያየሁ የማቀርበው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። «የዝርያ ጠባይ» ሲባል ዝንባሌ ማለት እንጂ ዋስትና አይደለም። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ላወጡት ጥናት የ5,700 እና ከዚያ በላይ ድመቶችን መረጃ ሰብስበው ነበር። በዝርያዎች መካከል እውነተኛ የጠባይ ልዩነት እንዳለ አገኙ። በዘር የሚተላለፈውን ድርሻ ባሰሉባቸው ዝርያዎች ውስጥ፣ በድመቶቹ መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ከ40 እስከ 53 በመቶ የሚሆነው በውርስ የሚመጣ ነው። የቀረው አስተዳደግ፣ አጋጣሚና የሚኖሩበት ቤት ነው። ስለዚህ ዝርያ ያግዛል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሲያሜዝ ወይስ ራግዶል?

ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ሰውነታቸው ክሬም ነው። ፊታቸው፣ ጆሯቸው፣ እግራቸውና ጅራታቸው ጠቆር ይላል። ዓይናቸው ሰማያዊ ነው። ልዩነቱ ሲያሜዝ ቀጭንና ፊቷ ሾጠጥ ያለ መሆኗ፣ ራግዶል ደግሞ ፀጉራምና ከባድ መሆኗ ነው።

ሲያሜዝን ያየ ሰው «ኩሩ ናት፣ ሰው አታስጠጋም» ይላል። ቀዝቃዛ ሰማያዊ ዓይን፣ ረጅም አንገት፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፤ እውነትም ንግሥት ትመስላለች። ጠባይዋ ግን ሌላ ነው። ሲያሜዝ ሰው ላይ ከሚለጠፉ ድመቶች ግንባር ቀደሟ ናት። ከክፍል ክፍል ትከተላችኋለች። ስትጠሯት ትመልሳለች፣ ሳትጠሯትም ታወራለች። ድምጿ ጎላ ያለ ነው፤ መልስ እስክታገኝ አትተውም። ሰው ቀኑን ሙሉ በሌለበት ቤት ብቻዋን ስትውል ግን ትጎዳለች። በሄልሲንኪው ጥናት ራስን ከመጠን በላይ መላስ ጎልቶ ከታየባቸው ዝርያዎች መካከል ሲያሜዝና ረጅም ፀጉር ያላት ዘመዷ ባሊኔዝ ነበሩበት።

ራግዶልን በ1960ዎቹ ሪቨርሳይድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያራባቻት አን ቤከር የምትባል ሴት ናት። ስታነሷት እጅና እግሯን ለቅቃ ክንዳችሁ ላይ ትዘረጋለች፤ ስሟም ከጨርቅ አሻንጉሊት የመጣው ለዚህ ነው። ረጋ ያለች ናት። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከመውጣት ወለል ላይ እግራችሁ ሥር መተኛት ትመርጣለች። አንድ የሚወራባት ነገር ግን ስህተት ነው፤ «ራግዶል ሕመም አይሰማትም» ይባላል። እንደማንኛውም ድመት ይሰማታል። ስለማትቧጭር ብቻ ነው እንደዚያ የሚታሰበው። ትናንሽ ልጆች ያሉበት ቤት የሚወስዳት ሰው ይህን በደንብ ማወቅ አለበት። ሌላ ድመት ተቧጭራ ራሷን በምታድንበት ቦታ ራግዶል ዝም ትላለች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ልዩነት እያለ መልኩ ለምን አንድ ሆነ? ነገሩ ደስ የሚል ነው። ያ ቀለም የሚመጣው ከአንድ ጂን ነው። ጂኑ ጥቁር ቀለም የሚሠራውን ኢንዛይም ሙቀት የማይችል ያደርገዋል። መካከለኛው አካል ሙቅ ስለሆነ ኢንዛይሙ አይሠራም፤ ፀጉሩ ነጣ ይላል። ጆሮ፣ አፍንጫ፣ መዳፍና ጅራት ቀዝቀዝ ስለሚሉ እዚያ ይሠራል፤ ፀጉሩ ይጠቁራል። ግልገሎቹ ሲወለዱ ነጫጭ የሆኑትም የእናታቸው ማኅፀን ሙቅ ስለነበረ ነው። ከተወለዱ በኋላ ጥቁረቱ ከጆሮ ጫፍና ከአፍንጫ ጀምሮ ቀስ በቀስ ብቅ ይላል። ለቀዶ ሕክምና ጎኗ የተላጨ ሲያሜዝ ብታዩ፣ አዲስ የሚበቅለው ፀጉር ጠቆር ብሎ ሊመጣ ይችላል። ቆዳዋ ስለበረደ ነው። እንግዲህ ይህ የሙቀት ጉዳይ ነው። ወሬኛ ትሁን ዝምተኛ፣ ቁንጥንጥ ትሁን ጭምት አይነግራችሁም። የሁለቱም ቀለም ከአንድ ጂን መጣ፣ ጠባዩ ግን እየቅል ሆነ።

ምርጫው፦ ቤት የሚውል፣ ድመቱ ስታወራው ደስ የሚለው ሰው ሲያሜዝ ትሆነዋለች። ጸጥታ የሚፈልግና ፀጉር ማበጠር የማይሰለቸው ሰው ራግዶልን ይያዝ። ዓይኗ ስለማረከው ብቻ ሲያሜዝን የወሰደ ዝምታ ወዳድ ሰው ግን እሱም ድመቷም ይቸገራሉ።

ነጠብጣብ ያላቸው፦ ቤንጋል እና ኦሲካት

ሁለቱም የዱር አውሬ ይመስላሉ። የዱር ደም ያለባት ግን አንዷ ብቻ ናት።

ቤንጋል የመጣችው የእስያ ነብራማ ድመት ከምትባል የዱር ድመት ነው። ይቺ የዱር ድመት ከእውነተኛው ነብር ጋር የቅርብ ዝምድና የላትም። ቁመናዋ የቤት ድመት ያህል ነው፤ ሰው የምትሸሽ የሌሊት አዳኝ ናት። ጂን ሚል የምትባል አሜሪካዊት በ1963 ከቤት ድመት ጋር አዳቀለቻት። የዝርያው ዋና ሥራ የቀጠለው በ1980ዎቹ ነው። ዛሬ በየቤቱ ያሉት ቤንጋሎች ከዱር ቅድመ አያታቸው አራት ትውልድና ከዚያ በላይ የራቁ ናቸው። ሰው አይበሉም፣ አድብተው አይነክሱም። በዚህ በኩል ነጠብጣቡ ያለስማቸው ስም ይሰጣቸዋል።

ችግሩ ሌላ ነው፤ ጉልበታቸው አያልቅም። በሄልሲንኪው ጥናት እጅግ ንቁ ሆነው ከተገኙት ዝርያዎች አንዷ ቤንጋል ናት። ውሃ ትወዳለች፤ ሻወር ቤት ተከትላችሁ ትገባለች። በር እጀታ ላይ ዘልላ ትከፍታለች። ቁም ሣጥን ጫፍ ላይ ወጥታ ከዚያ ወደ አልጋ ትወርዳለች። በየቀኑ በደንብ ካልተጫወታችኋት የራሷን ሥራ ትፈልጋለች፤ የምታገኘው ሥራ ደግሞ የእናንተን ዕቃ ማፍረስ ነው። ሳሎን የሚያሳምር ነገር ፈልጎ ቤንጋል የሚወስድ ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ኦሲካት ግን የዱር ደም ጠብታ የለባትም። በ1964 ሚሺጋን ውስጥ ቨርጂኒያ ዳሊ የምትባል አርቢ ሲያሜዝን አቢሲኒያን ከምትባለው ዝርያ ጋር ስታዳቅል፣ ሳታስበው ወርቃማ ነጠብጣብ ያለበት ግልገል ተወለደ። ቶንጋ ተባለ። ኦሴሎት የሚባለውን የዱር ድመት ስለሚመስል ዝርያው ኦሲካት ተብሎ ቀረ። ጠባይዋ የሲያሜዝና የአቢሲኒያን ልጅ መሆኗን ያሳብቃል። ሰው ትወዳለች። እንግዳ ሲመጣ አትደበቅም። ስሟን ስትጠሯት ትመጣለች፤ የወረወራችሁላትን ዕቃ መልሳ የምታመጣም ብዙ ናት። ብቻዋን መዋል ግን አይስማማትም። መልኩን ለሚወድ፣ የቤንጋልን ጉልበት ግን ለማይችል ሰው ከሁለቱ እሷን እመርጥለታለሁ።

ሳቫና የምትባለው፣ ሰርቫል ከተባለው ባለ ረጅም እግር የዱር ድመት የተዳቀለችው ዝርያ፣ ለጀማሪ አትሆንም። ለዱሩ ቅርብ የሆኑት ትውልዶቿ በሕግ የተከለከሉባቸው ቦታዎችም አሉ።

የምታሳሳው ብሪቲሽ ሾርትሄርና የማታሳሳው ስፊንክስ

ብሪቲሽ ሾርትሄር ሲያዩዋት የማያሳሳት የለም። ጭንቅላቷ ክብ፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ፀጉሯ እጅን ውጦ የሚያስቀር ነው። የአሻንጉሊት ድብ ናት። ሰው ሁሉ እጁን የሚዘረጋው ወዲያው ሊያነሳት ነው። እሷ ግን መነሳት አትወድም። ስታነሷት ሁለት የፊት እግሯን ደረታችሁ ላይ አድርጋ ትገፋለች። አትጮህም፣ አትቧጭርም፤ ሰውነቷን ብቻ ታደነድናለች፣ ጅራቷን ታወዛውዛለች፣ ከዚያ ሾልካ ትወርዳለች። በ2019ኙ ጥናት ከሰው ጋር መነካካትን በመቀነስ ከሁሉም ቀዳሚ የሆነችው ዝርያ እሷ ናት። ይህ ማለት አትወዳችሁም ማለት አይደለም። አንድ ሜትር ርቃ፣ እናንተ ባላችሁበት ክፍል ውስጥ መተኛት ለእሷ ፍቅር ነው። ሥራ ለሚበዛበትና ድመቱ እንድትጨቀጭቀው ለማይፈልግ ሰው ግሩም ጓደኛ ናት። ታቅፌ ላልቅስባት ለሚል ልጅ ግን አትሆንም።

ስፊንክስን ደግሞ ብዙ ሰው ሲያያት ያፈገፍጋል። ፀጉር የላትም። ቆዳዋ የተጨማደደ፣ ጆሮዋ ከጭንቅላቷ የሚበልጥ የሚመስል ናት። የዝርያው ታሪክ የሚጀምረው በ1966 ቶሮንቶ ውስጥ ፀጉር አልባ ግልገል ሲወለድ ነው። ቀዝቃዛና አስፈሪ የምትመስለው ይቺ ድመት፣ ጭን ሳታገኝ ውላ የማታድር ናት። ትከሻ ላይ ትወጣለች፣ ብርድ ልብስ ሥር ትገባለች፣ እንግዳ ሲመጣ ቀድማ ትቀበላለች። በእጃችሁ ስትነኳት ሙቀቷ ያስገርማል።

ነገር ግን ፀጉር የለም ማለት ሥራ የለም ማለት አይደለም። ቆዳዋ የሚያወጣውን ቅባት የሚጠጣ ፀጉር ስለሌላት አንሶላና ሶፋ ላይ ቡናማ ምልክት ትተዋለች። ብዙ ባለቤቶች በየሳምንቱ ገደማ ያጥቧታል። ብርድ ይጎዳታል፣ ፀሐይም ያቃጥላታል። አለርጂ ያለበት ሰውም «ፀጉር ከሌላት ለእኔ ትሆናለች» ብሎ እንዳይሳሳት። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ዋናው ፕሮቲን የሚገኘው ምራቋና የቆዳዋ ቅባት ውስጥ ነው። ፀጉር ማጓጓዣ እንጂ ምንጭ አይደለም። ከመውሰዳችሁ በፊት አብራችኋት ጊዜ አሳልፉና ሰውነታችሁ ምን እንደሚል እዩ።

ፊት ሲናገርና ሲዋሽ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ነው።

ፐርሺያን ፊቷን ያኮሳተረች ትመስላለች። አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የአፏ ዳር ወደ ታች ተሰብሯል። የተቆጣች ይመስላችኋል። እሷ ግን ገርና ጸጥተኛ ናት። ድምጿ ትንሽ ነው፤ መዝለልና መሯሯጥ አታበዛም። የተኮሳተረው አጥንቷ እንጂ ስሜቷ አይደለም። ከዚያ አጥንት ጋር ግን ጣጣም ይመጣል። የእንባ ቱቦዋ ስለሚጠማዘዝ ዓይኗ ያነባል፣ በየቀኑ መጠረግ ይፈልጋል። አፍንጫዋ በጣም ያጠረባት ስትተነፍስ ትቸገራለች። ፀጉሯ በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው ቆዳዋን እየጎተተ ያሳምማታል። በዘር የሚተላለፍ፣ ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበቅል በሽታም በዝርያው ውስጥ የታወቀ ነው። በዘረመል ምርመራ ስለሚታወቅ የወላጆቿን ውጤት ጠይቁ። ጠባይዋን የወደደ ግን ማበጠር የማይችል ሰው ኤግዞቲክ የምትባለውን አጭር ፀጉር ያላትን እህቷን ይመልከት። ከሁለቱም አፍንጫዋ ብዙ ያልተደፈጠጠውን ፈልጉ።

በተቃራኒው ራሽያን ብሉ ፈገግ ያለች ትመስላለች። የአፏ ዳር በትንሹ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ዓይኗ አረንጓዴ ነው። ፈገግታዋን አይቶ እንግዳ ተቀባይ ናት ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልጋ ሥር ሲፈልጋት ይውላል። በሄልሲንኪው ጥናት እንግዳ በመፍራት ቀዳሚ የሆነችው እሷ ናት። ለምታውቀው ሰው ታማኝና ለስላሳ ናት። እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ግን አትሆንም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ስኮቲሽ ፎልድ ናት። ጆሮዋ ወደ ፊት ታጥፎ ፊቷ ጉጉት ይመስላል። ሰው ሁሉ «ምንኛ የዋህ ናት፣ ስትቀመጥ አትንቀሳቀስም» ይላል። የዝርያው መነሻ በ1961 ስኮትላንድ ውስጥ በአንድ እርሻ ላይ የተገኘች ሱዚ የምትባል ድመት ናት። ግልገሎች ሲወለዱ ጆሯቸው ቀጥ ያለ ነው፤ የሚታጠፈው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ጆሮውን የሚያጥፈው ጂን ግን ጆሮ ላይ ብቻ አይቆምም። ልም አጥንትን ሁሉ ያበላሻል፣ በየመገጣጠሚያው። ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ጉዳቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። ጅራቷ የሚደርቅ፣ እግሯ የሚወፍር፣ ለመዝለል የምታመነታ ድመት ትሆናለች። ያ ሁሉ ዝምታዋ የጠባይ ሳይሆን የሕመም ሊሆን ይችላል።

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሰው ደግሞ ፊቷ ስለሚያምረው አይጠረጥርም። በ2020 የወጣ የፊት ቅርጽ ጥናት እንዳሳየው፣ ፊታቸው በእርባታ የተቀየረ ዝርያዎች ምንም ሳይሆኑም የታመመች ድመት ፊት ይታይባቸዋል። ይህ በስኮቲሽ ፎልድ ላይ ጎልቶ ታይቷል። ስለዚህ በእውነት ስትታመም ፊቷን አይቶ መለየት ይከብዳል። የብሪታንያ ትልቁ የድመት መዝጋቢ ድርጅት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዝርያውን አይመዘግብም፤ ሆላንድም እርባታውን ከልክላለች። እዚህ ላይ ሚዛን ለመጠበቅ አልሞክርም፤ አትግዟት። ክብ ፊቱን ከወደዳችሁ ጆሮዋ ያልታጠፈ ብሪቲሽ ሾርትሄር አለችላችሁ። ቤታችሁ ያለችው ፎልድ ከሆነች ግን ውደዷት፣ ደረጃ ስትወጣና ስትዘል አስተውሏት፣ መገጣጠሚያዋን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

ትልቋ እና ትንሿ

ሜይን ኩን ግዙፍ ናት። ወንዱ 8 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ጆሮው ጫፍ ላይ ፀጉር አለው፤ አንገቱ ዙሪያ ጎፈር የሚመስል ፀጉር ይወርዳል። የሚፈራው ሰው ብዙ ነው። ጠባዩ ግን ሰፊ ነው፤ ከልጆችም ከሌሎች እንስሳትም ጋር ይስማማል። ከዚያ ግዙፍ ሰውነት የሚወጣው ድምፅ ደግሞ ቀጭን፣ የወፍ ጫጫታ የሚመስል ነው። ዕድገቱን ለመጨረስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጅበታል። የልብ ጡንቻ ውፍረት በሽታ በዝርያው የታወቀ ስለሆነ የወላጆቹን የልብ ምርመራ ጠይቁ።

አቢሲኒያን ግን ቀጭን፣ ሚዳቋ የምትመስል፣ እያንዳንዷ ፀጉሯ ላይ ቀለም የተደራረበባት ናት። ስትታይ የሸክላ ሐውልት ናት፤ ታዛቢና ጭምት የምትሆን ይመስላል። ኧረ የት! ነቅታ እያለች አርፋ አትቀመጥም። ሰው ትወዳለች፤ ጭን ላይ ግን አትቆይም፤ የምትሠሩትን ሁሉ ልታይ ትፈልጋለች። ስሟን አይቶ «የእኛ ናት» የሚል አንባቢ ስለማይጠፋ አንድ ነገር ልጨምር። በ1868 ከአቢሲኒያ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች የሚባል ታሪክ አለ። የዘረመል ጥናቶች ግን መነሻዋን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይወስዱታል።

ቀለምም እንዲሁ

ጥቁር ድመት ክፉ፣ ነጭ ድመት ኩሩ፣ ቀይ ድመት ተጫዋች ይባላል። ሰው ድመት ሲመርጥ ይህን ሐሜት ይዞ ይገባል። ቦምቤይ የምትባለውን ዝርያ እዩ። በ1958 ኬንታኪ ውስጥ ኒኪ ሆርነር የምትባል አርቢ ትንሽ ግስላ የምትመስል ድመት ለማግኘት በርሚዝን ከጥቁር አሜሪካን ሾርትሄር ጋር አዳቀለች። ዓላማው መልክ ብቻ ነበር። የተገኘችው ድመት ዓይኗ መዳብ፣ ፀጉሯ ጥቀርሻ ነው፤ ጠባይዋ ግን ከሰው ጭን የማትወርድ ናት።

ዝርያ የሌላት ተራ ድመት ለምትወስዱ ደግሞ መልኳ ስለ ጠባይዋ ከዚህም ያነሰ ነው የሚነግራችሁ። አብዛኛው የዓለም ድመት ደግሞ ይቺው ናት።

ታዲያ ምን ይታይ?

መጀመሪያ የራሳችሁን ቀን ተመልከቱ። ቤት ስንት ሰዓት ሰው ይኖራል? ጫጫታ አለ? እንግዳ ይበዛል? ማበጠር ትችላላችሁ? ይህን ከመለሳችሁ በኋላ ነው ወደ ዝርያ መሄድ።

ከዚያ ስለ ግልገሏ አስተዳደግ ጠይቁ። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ግልገል ሰውን የምትለምድበት ነው። በእነዚያ ሳምንታት በተለያዩ ሰዎች እጅ የተዳበሰችና የቤት ድምፅ የሰማች ግልገል ትለያለች። ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቷ የተለየች ግልገል ስታድግ ቁጡ የመሆን ዕድሏ ከፍ እንደሚል በፊንላንድ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። «ስድስት ሳምንቷ ነው፣ ዛሬ ውሰዷት» የሚል አርቢ ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ። 12 ሳምንት መጠበቅ ይሻላል።

ስለ አባትየውም ጠይቁ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። ሰው የማይፈራ አባት ልጆች፣ አባታቸውን አይተውት ባያውቁም እንኳ፣ ደፋር የመሆን ዝንባሌ እንዳላቸው በጥናት ታይቷል። ከተቻለ እናትና አባቱን በአካል እዩ። እናትየው እናንተን አይታ ከሸሸች ወይም ካፏጨች፣ ግልገሎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ቆም በሉ።

ግልገሎቹ ጋ ስትደርሱ ወለል ላይ ተቀመጡና ዝም በሉ። አታንሱ። የትኛዋ እንደምትቀርብ፣ የትኛዋ ከጥግ እንደምታይ፣ የትኛዋ ድንገተኛ ድምፅ ከሰማች በኋላ ቶሎ እንደምትረጋጋ እዩ። ጸጥ ያለ ቤት ካላችሁ ከጥግ የምታየዋም ጥሩ ልትሆን ትችላለች። ብትችሉ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ተመለሱ፤ ጠግባ የተኛች ግልገል ሁሉ ጭምት ትመስላለች።

ጠባዩን በእርግጠኝነት ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምክር ያደገች ድመት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሞላት ድመት ማን እንደሆነች ታውቋል። የያዛት ሰው ሌሊት ምን እንደምታደርግ፣ ልጅ ሲመጣ የት እንደምትሄድ፣ ስትነሳ ምን እንደምትሆን ሊነግራችሁ ይችላል። ጥያቄያችሁን «ጥሩ ጠባይ አላት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስታደርግ ዋለች?» በሉ። አሳዳጊው ይህን መመለስ ካልቻለ ወይም ከፎቶ ሌላ የሚያሳያችሁ ከሌለው ሌላ ቦታ ፈልጉ።